ሳፋው ውስጥ የነበሩት ዓሦች

አባቴ ባረፈ በዓመቱ እናቴ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ያለውን ቤት አከራይታ ታች ሲቀላ እኔ ዘንድ ስትገባ፣ "ከዕቃው ላንቺ ምን ይምጣልሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። ፍሪጁን ወይም ቡፌውን የምል መስሏት ነበር። እኔ አኳሪየሙን፣ የዓሦቹን የመስታወት ሳጥን አልኳት። በሁለት ፍራሽ መሃል ተኝቶ በጋሪ መጣ፤ ባለጋሪው በየጉድጓዱ "እግዚኦ" እያለ። እናቴ ከኋላ በባጃጅ ተከተለች፤ አኳሪየሙ ውስጥ የሚቀመጠውን ድንጋይ ለማንም አልሰጥም ብላ ጭኗ ላይ አቅፋው። ደህና ደረሰ ብለን ውሃ ስንሞላው ግን፣ ከታች በግራ በኩል ካለው ጥግ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ።

እናቴ ጠብታውን አየችና ሳቀች።

"ያው ጥግ ነው" አለች። "እሱ ጥግ እስካሁን ዓመሉን አልተወም።"

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ውሃውን ቀድቼ ጨርሻለሁ፤ አሁን ያሉኝ አራት ትንንሽ ዓሦች ሳፋ ውስጥ ናቸው። ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ በጎኑ አስተኝቼ መስታወቶቹን የሚያጣብቀውን አሮጌውን ሲሊኮን በምላጭ እፍቃለሁ። እናቴ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትቆጣጠረኛለች። "ቀስ፣ መስታወቱን ትጭሪዋለሽ" ትላለች። "እዚያ ጋ ቀርቷል" ትላለች። ምላጭ አያያዟን ስታሳየኝ እጇ የለመደ እጅ መሆኑን አየሁ፤ ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗን አሸሸች። ከዚያ ነገረችኝ። እውነቱን ያወቅሁት እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ታሪኩን የማውቀው በስምንት ዓመት ልጅ ዓይን ነበር፤ የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ ሁሉን ያያል፣ አንዱንም በቦታው አያኖርም።

ሳጥኑን የሠራው የእናቴ ወንድም አጎቴ እንድሪያስ ነው። መናኸሪያው አጠገብ መስታወት ቤት አለው፤ የመስኮት መስታወት ይቆርጣል፣ ፎቶ በፍሬም ያስገባል። አባቴ መምህር ሽበሺ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ፣ እናቴን አይቶ የቀረ ሰው ነው። አገጩን ሞልቶ የወረደ ጺም ነበረው፤ ተማሪዎቹ ከኋላው "ጺሙ" ይሉታል፤ እሱም እንደሚያውቅ ያውቃሉ። ዓሣ እንዴት እንደሚተነፍስ ለተማሪዎቹ ማሳየት አማረውና ለአጎቴ ነገረው። አጎቴ በሳምንቱ በባጃጅ ይዞት መጣ። "ለሰው መስኮት ሠርቻለሁ፤ ለዓሣ ቤት ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው" አለ። አባቴ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አራት ጫጩቶች አመጣ። ተማሪዎቹ አንድ ቀን አዩና ሄዱ፤ ዓሦቹ ግን እኛ ቤት ቀሩ። ትልቁን ዳኛው ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ሁልጊዜ ከላይ ሆኖ ሌሎቹን ቁልቁል ስለሚያይ።

አጎቴ እሁድ እሁድ ምሳ እኛ ዘንድ ነበር የሚበላው። በጥቅምት ወር፣ በአንዱ እሁድ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ጋሽ ካሳ ለሥራ ከአዲስ አበባ መጥቶ ተጋበዘ። እናቴ ዓሣ ጠብሳ በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ አቀረበች። ጋሽ ካሳ አኳሪየሙን ዞሮ ዞሮ አየና "ይሄንን ማነው የሠራው?" አለ። አባቴ በኩራት አጎቴን አሳየው።

"የጨንቻ ልጅ ነህ አይደል?" አለው ጋሽ ካሳ። "ከሸማኔ ጉድጓድ ወጥቶ መስታወት ላይ መድረስ ቀላል አይደለም!" ብሎ ሳቀ።

አባቴም ሳቀ።

አጎቴ አፉ ሊያደርስ የነበረውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰ። ተነሥቶ እጁን ታጠበ፤ በፎጣው ጣት በጣት አደረቀ። "አገኘሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ እናቴን ብቻ በስሟ ጠርቶ ተሰናበተና ወጣ። እናቴ እስከ በሩ ተከተለችው፤ ብቻዋን ተመለሰች።

እኔ ምክንያቱን ወዲያው አወቅሁት። ለዓሦች ቤት የሠራ ሰው፣ እነሱ በመስታወት እያዩ የወንድሞቻቸው ጥብስ ሲቀርብለት ቢቆጣ ምን ይገርማል? ዳኛውም ያን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የዋለው። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ዓሣ አልበላም አልኩ፤ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ በቃሌ ጸናሁ። እናቴ ብትለምነኝ፣ አባቴ ስለ ፕሮቲን ትምህርት ቢሰጠኝ፣ ወይ ፍንክች። አጎቴ ይህን ቢሰማ የሚመለስ መስሎኝ ነበር።

አያቴ፣ የእናቴና የአጎቴ አባት አባባ ወልደሥላሴ፣ ጨንቻ ላይ ስሙ የተጠራ ሸማኔ መሆኑን ያኔም አውቃለሁ። የጋሽ ካሳ ቃል ምን ማለት እንደነበር ግን የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ፣ አንዲት ልጅ በዶርም ውስጥ ተመሳሳዩን ለእኔ ስትናገር ነው። ያን ቀን ሌሎቹ ሳቁ። የተናገረችውን ረስቻታለሁ፤ የሳቁትን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። አጎቴም እንደዚያው ነበር። ጋሽ ካሳ እንግዳ ነው፣ በማግስቱ ተሳፍሮ ሄደ። የሳቀው አማቹ ነው።

ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ። አባቴ "እኔ ምን አልኩ? አልተናገርኩ!" ይላል። አጎቴ የእሁዱን ምሳ ትቶ ቀረ። እናቴ መሃል ላይ ቆመች። ዓመቱ እየሄደ መስቀል ሲቃረብ ደግሞ ነገሩ ጠናባት። በጋሞ ደጋ ሰው ተኳርፎ መስቀልን አይቀበልም። ነውር ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ጎሜ፣ መዓት የሚጠራ እርም ነው። ጎሜ ደግሞ በደለኛው ላይ ብቻ አይቆምም፣ ልጅ ያሳምማል፣ ከብት ያመክናል ይባላል። የተጣሉ ሰዎች ሳይታረቁ በአንድ ማዕድ አይቀርቡም። ስለዚህ ወይ አጎቴ፣ ወይ አባቴ ከአባባ ቤት መቅረት ነበረበት። አባባ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ደረቱን እያመመው ነው። ጨንቻ ለገበያ ወጥቶ በሚመለስ ሰው "ዘንድሮ ሁላችሁንም በአንድ ማዕድ ልያችሁ፤ ለከርሞ አላውቅም" ብሎ ላከ። እናቴ መልእክቱን ሰምታ ጓዳ ገባች። እኔ ሽንኩርት የምትከትፍ መስሎኝ ነበር።

አኳሪየሙ ማፍሰስ የጀመረው በዚሁ ሰሞን፣ በሐምሌ ነው። አንድ ጠዋት ስንነሣ ወለሉ ርሷል፤ ውሃው ተጋምሷል፤ ዳኛው ጀርባው ከውሃ ወጥቶ ይንፈራገጣል። ጮህኩ። እናቴ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ አምጥታ ዓሦቹን ገለበጠቻቸው። አባቴ ተንበርክኮ ጥጉን ሲፈልግ ጺሙ በጠብታው ራሰ። ያገኘውን ሽንቁር በደረቅ ሳሙና ደፈነው።

"የባዮሎጂ መምህር ውሃ በሳሙና ይደፍናል?" አለች እናቴ።

"ለጊዜው ነው።"

"እንድሪያስ ቢያየው እኮ በግማሽ ሰዓት..."

"አንዲት ጥግ ለመድፈን ያገሩን ባለሙያ ሁሉ አልጠራም" አለ አባቴ። እናቴ ወደ ሳፋው ጎንበስ አለች። ዓሦቹን በእጇ ነካ ነካ አደረገች።

ሳሙናው አራት ቀን ያዘ። ከዚያ እንደገና አፈሰሰ። አባቴ ሻማ አቅልጦ አፈሰሰበት፤ ሻማው አምስት ቀን ያዘ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ ማፍሰሱን ስናይ ዓሦቹ አኳሪየሙ ውስጥ የሉም። ሳፋው ውስጥ ናቸው፤ ንጹሕ ውሃ ተሞልቶላቸው፣ ድመት እንዳይነካቸው ወንፊት ተደፍቶባቸው።

"እማዬ፣ እንደሚያፈስ በምን አወቅሽ?" አልኳት።

"ድምፁን ሰማሁት" አለችኝ።

አመንኳት። እናቴ የዓሣ ቋንቋ ታውቃለች ብዬ ለጎረቤት ልጆች ተናገርኩ። አንዷ "ውሸታም" ስላለችኝ ተደባደብን፤ ቅንድቤ አጠገብ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው።

በነሐሴ አጋማሽ አባቴ ከሌላ ሱቅ ሲሊኮን ገዝቶ መጣ። አጎቴ ሳጥኑን ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ አይቶ ስለነበር እኔም እችላለሁ ብሎ ነው። እርጥብ መስታወት ላይ፣ ሻማው ሳይነሣ፣ ከላዩ ቀባው። ውጤቱ ንፍጥ የወረደበት የልጅ አፍንጫ መሰለ። ያም ሆኖ ዘጠኝ ቀን ያዘ። እኔና አባቴ በደስታ ጨፈርን። እናቴ "እሰይ" አለች፤ ድምፅዋ ግን የእሰይ ድምፅ አልነበረም።

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት ጎረቤት ስጫወት ቆይቼ ውሃ ልጠጣ ስገባ እናቴን አገኘኋት። አኳሪየሙ ፊት ተንበርክካ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ብቅ አድርጋ፣ በምላጭ የሲሊኮኑን ጠርዝ ትቆርጣለች። ዓሦቹ ሳፋው ውስጥ ናቸው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

ብድግ አለች። "ሻጋታ" አለች። "ጥጉ ሻገተ። ሻጋታውን እያጸዳሁ ነው።"

እንዴት ኮራሁባት። አባቴ ሥራውን ሠርቶ ይወጣል፣ እሷ ደግሞ ከኋላው ሻጋታ ታጸዳለች። እሱ ሲመጣ "እማዬ ጥጉን አጸዳችው" ብዬ ልነግረው ነበር፤ እሷ ግን ሙዝ ሰጥታኝ "ሥራን ማውራት ጥሩ አይደለም" አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ወንበሯ ላይ ሆና በእጇ አፏን ሸፍና ነው የነገረችኝ። "የመጀመሪያውን እግዜር ቀደደው፤ የቀሩትን እኔ" አለች። "ምን ላድርግ? ሁለቱም ወንዶች ናቸው። አንዱ 'ይምጣ' ይላል፣ አንዱ 'አልጠራም' ይላል። ቤት ውስጥ የእንድሪያስን እጅ የሚፈልግ ነገር ያ ሳጥን ብቻ ነበር። ሳሙናውን ስቀድ 'አሁን ተሸንፎ ይጠራዋል' እላለሁ፤ ሻማ ያመጣል። መስቀል ደግሞ አይጠብቅም።"

እናቴን በምላጭ ባገኘኋት ቀን ማታ አባቴ ጥጉ እንደገና ማፍሰሱን ሲያይ አልተናደደም። ለክፍል የሚጠቀምበትን ማጉያ መነጽር ከቦርሳው አወጣ። በሆዱ ተኝቶ ጥጉን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሳፋውን አየው። ከዚያ ወጥ የምታማስለውን እናቴን በበሩ በኩል አያት። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና መነጽሩን ወደ ቦርሳው መለሰ።

"ምን አገኘህ አባዬ?" አልኩት።

"ውሃ መውጫ አያጣም" አለኝ። 

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከኮቱ ኪስ ትንሽ ሰማያዊ ፓኮ አውጥቶ አኳሪየሙ አጠገብ ካለው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ሲያስቀምጥ አየሁት። ምላጭ ነበር። "እንዳትነኪው፣ ይቆርጥሻል" አለኝ። አልነካሁትም፤ ረሳሁትም። ከዚያ ወዲያ ጥጉን መድፈኑን አልተወም፤ ግን ወደ ሳሙናው ተመለሰ። እኔ ገንዘብ ጨርሶ ነው ብዬ አዘንኩለት።

በጳጉሜን እናቴ ለዐውደ ዓመት ልትሸምት ወደ ሲቀላ ስትወርድ ይዛኝ ሄደች። ገበያ ሳንደርስ አጎቴ ሱቅ ገባን። ዓመት ሊሞላኝ ነበር ካየሁት። አቀፈኝ፤ ጣቶቹ መስታወት የቆራረጣቸው ሻካራ ናቸው። እናቴ ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ ፈታችው፤ ውስጡ ከጥጉ የተቆረጠ የሲሊኮን ቁራጭ ነበር። በጋሞኛ ይነጋገሩ ጀመር። እኔ ጋሞኛ የምሰማው በግማሽ ነው፤ "ውሃ" እና "ዓሣ" እና "አባባ" የሚሉትን ለየሁ። አጎቴ ቁራጩን ወደ ብርሃን አነሣው፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ እህቱን አየና እስኪያነባ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ስለ አባባ ደረት ነገረችው። ያን ጊዜ እሱም ሳቁን ተወ።

ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ "ባለቤቱ ራሱ ይምጣ በሉት" አለኝ። "እኔ መሣሪያዬን ይዤ እስከ በራችሁ እመጣለሁ። ግን ባለቤቱ ወጥቶ ይጥራኝ።"

ማታ ለአባቴ አንድ ቃል ሳላጎድል ነገርኩት። ባለቤቱ እሱ ይሁን ዳኛው አልለየሁም፤ ስለዚህ ለሁለቱም ነገርኳቸው። ዳኛው ወደ ሳፋው ሥር ሰመጠ። አባቴ ጋዜጣውን ገለጠ፤ እስክንተኛ ድረስ ያንኑ ገጽ ይዞ ቆየ።

መስከረም አሥራ ሦስት ቀን፣ ዝናብ በሚያካፋ ጠዋት፣ አባባ ወልደሥላሴ ከጨንቻ ወርዶ መጣ። ራሱ የሸመነውን ቡልኮ ተከናንቧል። በቀኝ እጁ እርጥብ ሳር ጨብጧል፤ ከሥሩ ጭቃ ይንጠባጠባል። በመስኮት ሳይ አጎቴ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ ከግቢያችን በር ውጭ ቆሟል፤ አይገባም፤ ዝናቡ ይመታዋል።

አባባ የአማርኛውን አንቺና አንተ አይለይም። "ና፣ ሳመኝ" አለኝ እንደ ወትሮው። ሳምኩት። አባቴ ወንበር ሲያቀርብለት ግን አልተቀመጠም። ሳሩን በሁለት እጁ ወደ ፊት ዘርግቶ በጉልበቱ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከ።

እኔ በደስታ ዘለልኩ። ስለ አኳሪየሙ ሰምቶ ለዓሦቹ ሳር አምጥቶላቸዋል! ዓሦቹም ሳፋው ውስጥ ወለል ላይ ስለሆኑ ነው የተንበረከከው። "አባባ፣ ይበሉታል?" አልኩት። ማንም አልመለሰልኝም።

"አባባ! ምን እያደረጉ ነው? ስለ እግዚአብሔር ይነሡ!" አባቴ ሊያነሣው ብብቱን ያዘው።

"አልነሣም" አለ አባባ። "አንተ የኔ ልጅ ነህ። እዚያ ዝናብ ላይ የቆመው የኔ ልጅ ነው። እኔ ሸማኔ ነኝ። ክር ይበጠሳል፤ እንቀጥላለን። ጨርቁን አንጥልም። አንተ ተው ስልህ አትሰማኝም?"

በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ነገር ይቆማል፤ እሱን አልፎ የሚሄድ ሰው የለም። አባቴ ይህን ያውቃል፤ እዚያ አገር አሥራ ምናምን ዓመት ኖሯል። ፊቱ ተለዋወጠ። እናቴ በጓዳው በር ላይ ቆማ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። አባቴ አባባን ተወና በጓሮ በር ወጣ።

እኔ ተከተልኩት። ቅጠሉን ከምንበላው ከሽፈራው ዛፍ ሥር፣ አበባ ከከበቡት ድንጋዮች አንዱን ነቀለ፤ አንድ ዳቦ ያህላል። ጭቃውን እንኳ አላራገፈውም። ማጅራቱ ላይ አኖረው፣ በሁለት እጁ ደግፎ ጎንበስ አለ፣ እንደዚያው ሆኖ በዝናብ ውስጥ ወደ ግቢው በር ሄደ። ያቺን ቅጽበት አሁንም ዓይኔን ስጨፍን አያታለሁ። ሰው ሁሉ አንድ ነገር እያመጣ ነው አልኩ፤ አባባ ሳር አመጣ፣ አባዬ ድንጋይ አመጣ፣ አጎቴ ሲሊኮን አመጣ፤ የዓሦቹ ቤት እንደ አዲስ ሊታነጽ ነው። አባቴ ባደገበት አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደሚጠይቅ የነገረኝ አልነበረም።

በሩን በክርኑ ከፈተና አጎቴ እግር ሥር ጎንበስ እንዳለ ቆመ።

"እንድሪያስ፣ በድያለሁ። ይቅር በለኝ።"

 ዝናቡ በአባቴ ጺም ይወርዳል።

"ስለ ምኑ?" አለ አጎቴ።

"ስለ ሳቄ።"

አጎቴ የመሣሪያ ቦርሳውን ጭቃው ላይ ለቀቀውና ድንጋዩን በሁለት እጁ ከአባቴ ማጅራት አነሣ። አነሣና የት እንደሚያኖረው ቸገረው። እኔ እጄን ዘረጋሁ።

"ለኔ ስጠኝ፤ ለዓሦቹ ነው አይደል?"

አጎቴ እኔን አየ፤ ድንጋዩን አየ፤ ከኋላዬ ሳሩን እንደያዘ እናቴ ደግፋው የመጣውን አባባን አየ። ሳቁ ከሆዱ ነው የመጣው። አባባም ሳቀ። አባቴ ግን አጎቴ እስኪስቅ ጠብቆ ነው የሳቀው፤ ሲስቅም ያለቅስ ነበር። እናቴ እዚያው በሩ ላይ እልል አለች፤ ጎረቤት፣ ልጅ የተወለደልን መስሎት፣ ብቅ አለ።

አጎቴ በዚያው ቀን ሥራውን ጀመረ። ሳሙናውን፣ ሻማውን፣ የአባቴን ሲሊኮን ሁሉ እስከ መስታወቱ ፍቆ አወጣ። "ይህ ጥግ መከራውን አይቷል" አለ፤ እናቴ የሆነ ነገር ለማምጣት ወደ ጓዳ ሮጠች። "ሲሊኮን ደረቅና ንጹሕ መስታወት ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሽበሺ" አለው። "በአሮጌ ላይ አዲስ ብትቀባ ይላቀቃል። መጀመሪያ የቆየውን ማውጣት ነው።"

"አሁን ገባኝ" አለ አባቴ።

እስኪደርቅ አትንኩት ስላለን፣ ሳጥኑን ባዶውን ትተን ለመስቀል ጨንቻ ወጣን። ዓሦቹን በጀሪካን ይዤ ካልሄድኩ ብዬ አልቅሼ ነበር፤ አባቴ "የቆላ ዓሦች ናቸው፣ ደጋው ይገድላቸዋል" ብሎ በትምህርት አሳመነኝ። አባባ ቤት እሳት ነበር፣ ቆጮ ነበር፣ ቅቤ ነበር፣ ሥጋ ነበር። አባባ አባቴን በቀኙ፣ አጎቴን በግራው አስቀምጦ ለሁለቱም በየተራ አጎረሰ። ደረቱ እያፏጨ ሲዘፍን ሰማሁት። በየካቲት ሞተ። እናቴ ስትቀብረው አልቅሳለች፤ ግን "ሳያየን ሄደ" ብላ አላለቀሰችም። አይቶን ነው የሄደው።

ድንጋዩ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አኳሪየሙ ውስጥ ነው። አባቴ በየወሩ ውሃ ሲቀይር ድንጋዩን ራሱ ነበር በብሩሽ የሚያጥበው፤ እኔ ልርዳህ ስለው እምቢ ይላል። ስለሚከብድ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ጥጉ ጸድቷል፤ ደርቋል። ሲሊኮኑን ልቀባ ስል እናቴ እኔን መቆጣጠሯን መተዋን አስተዋልኩ። ዓይኗ ሳፋው ላይ ነው።

"ምነው እማዬ?"

"ሳልነግረው ሄደ" አለች። "ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። አሥራ ስድስት ዓመት 'ዛሬ እነግረዋለሁ' ስል ኖርኩ። አታለልኩት እኮ፤ ያ ምስኪን ሰው ሲደፍን እኔ ስቀድ። ሳሙና እንኳ ስንት ጨረሰ! ይቅር በለኝ ሳልለው ሞተ።"

እንባዋ መጣ። ምን እንደምላት ጠፋኝና ምላጩን አስቀምጬ እጇን ያዝኩ።

"በአንድ ምላጭ ነው ያን ሁሉ ያደረግሽው?" አልኳት፣ ለማሳቅ።

"የትኛው ይበቃል! የልብስ ስፌት ምላጬ ወዲያው ነው የደነዘዘው። በኋላ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አንድ ሙሉ ፓኮ አገኘሁ። ገዝቼ የረሳሁት መሰለኝ።"

"ሰማያዊ ፓኮ?"

"እንዴት አወቅሽ?"

"አባዬ ነው ያስቀመጠው" አልኳት። "ጥጉን በማጉያ መነጽር ባየ በማግስቱ። ከኮቱ ኪስ ሲያወጣው አይቻለሁ። 'እንዳትነኪው' ብሎኛል።"

"አይ፣ ተሳስተሻል" አለች እናቴ። "አባትሽ ምላጭ ምን ያደርግለታል? እሱ እኮ ጺሙን ዕድሜ ልኩን..."

አቋረጠችና ቀና አለች።

ሁለታችንም ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶውን አየን። ከሠርጋቸው ቀን እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ምላጭ ያልነካው ጺም አገጩን ሞልቶ ወርዷል፤ ከላዩ ዓይኖቹ ይስቃሉ።

እናቴ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከወለሉ አነሣች፤ ጭኗ ላይ አድርጋ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርገው ጀመር፤ ንጹሑን ድንጋይ ደጋግማ።

"አንተ ሰውዬ" አለችው። "አንተ ሰውዬ፣ እግዜር ይስጥህ።"

እኔም በልቤ አመሰገንኩት፤ አጎቴን የሚጠራበት ጉልበት እስኪያገኝ ድረስ የሚስቱ ምላጭ እንዳይደነዝዝባት ያሰበውን አባቴን። ጥጉን ቀባሁ፤ በእርጥብ ጣቴ አስተካከልኩት። ሁለት ቀን አይነካም። እስከዚያ ዓሦቹ ሳፋው ውስጥ ናቸው፤ እናቴ ወንፊት ደፍታላቸዋለች።